አንድ ጎማ ተወጋ፣ አራት ገዛን

መኪና ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ ጎማ መግዛቱ አይቀርም። ጎማ ግን እንደ ስልክ ወይም እንደ ሶፋ ተመኝተን የምንገዛው ዕቃ አይደለም። ሁሉም ጥቁር ነው፤ ሁሉም ይመሳሰላል፤ ዋጋው ደግሞ ያስደነግጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሻጩ ያለንን ተቀብለን፣ ወይም ርካሹን መርጠን እንወጣለን። መኪናው ኃይሉን ለአራቱም ጎማዎች የሚያከፋፍል፣ በእንግሊዝኛው "ኦል ዊል ድራይቭ" የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ምርጫው ጠንቀቅ ማለትን ይጠይቃል። ምክንያቱን ባለፈው ኦክቶበር ቤታችን ውስጥ ከተነሣው ክርክር ጋር አያይዤ ላጫውታችሁ።

ሚስማሩ

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ መጥቼ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በኦሮራ ከተማ ኑሮዬን መሠረትኩ። ባለቤቴ ነርስ ናት። በሳምንት ሁለት ሌሊት የምትሠራው ከተራራው ማዶ ባለ ሆስፒታል ነው። ወደዚያ የሚወስደው አይ 70 የተባለው አውራ ጎዳና ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ወጥቶ በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። ለማነጻጸር ያህል፣ የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ነው። ልዩነቱ ዋሻው ያለበት ተራራ በክረምት በረዶ መልበሱ ነው። መኪናችን ሱባሩ አውትባክ ነው፤ የገዛነውም ለዚህ መንገድ ብለን ነው።

አንድ ቀን የኋላውን የቀኝ ጎማ ሚስማር ወጋው። ሚስማሩ የገባው በጎማው ትከሻ ላይ፣ ጎኑ በሚጀምርበት ቦታ ነበር። የጎማ ሠራተኛው አየውና "ይኼ አይለጠፍም" አለ። ልክ ነው። የአሜሪካ የጎማ አምራቾች ደንብ እንዲለጠፍ የሚፈቅደው መሬት የሚረግጠውን ክፍል ብቻ ነው። ቀዳዳውም ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። የጎማው ጎን መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ልጣፉ አይጸናም።

ቀጥሎ የቀሩትን ሦስት ጎማዎች ጥርስ ለካ። "ሦስቱም 5 ላይ ናቸው። አራቱንም ብትቀይሩ ይሻላል" አለና ወደ 900 ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ጠራልን። ያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት የአገር ቤት ጉዞ ካጠራቀምነው ላይ የሚነሣ ነው።

ይህን የሰሙት የባለቤቴ አባት ሳቁ። ያን ጊዜ ሊጠይቁን ከኮምቦልቻ መጥተው አብረውን ነበሩ። "ልጄ፣ አንድ ጎማ ተወግቶ አራት ይገዛል? ይኼ ሰውዬ ጎማ በዝቶበታል!" አሉኝ።

አማቴ ስለ ጎማ ሳያውቁ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ለ30 ዓመት ያህል ከባድ መኪና አሽከርክረዋል። ሹፌሮች "ኤንትሬ" በሚሉት ፊያት አሰብ ድረስ ጭነት አመላልሰዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጉዞው ወደ ጅቡቲ ሲዞርም ሥራ ላይ ነበሩ። በአፋር በረሃ ሙቀት ጎማ ሲፈነዳ መኪናውን በክሪክ አንሥተው፣ ቡሎን ፈትተው፣ ስኮርታ ገጥመው መንገዳቸውን ቀጥለዋል። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ጎማ ሸራው እስኪወጣ ይሠራል። ካለቀ በኋላም በረባሶ ተሠርቶበት ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ሦስት ደህና ጎማ አውልቆ መጣል ለእሳቸው ነውር ነው።

የጋራዥ አማርኛ

የ9 ዓመት ልጃችን ይህን ወሬ ስትሰማ የማታውቃቸው ቃላት በዙባት። አያቷ አንድ በአንድ አስረዷት። ጎሚስታ ማለት ጎማ የሚጠግን ባለሙያ ነው። ክሪክ መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ ነው። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ነው። ቡሎን ቸርኬውን ከመኪናው ጋር ያስራል። ስኮርታ ትርፍ ጎማ ነው። እነዚህ ቃላት ሁሉ፣ ፍሬንና "ጎማ" የሚለው ቃል ራሱም ሳይቀሩ፣ ወደ አማርኛ የገቡት ከጣልያንኛ ነው።

"ታዲያ አማርኛው ምንድን ነው?" አለች ልጃችን።

"ይኼው ነዋ!" አሉ አያቷ። "ስንት ዘመን አብሮን ኖሮ፣ አሁን ምን ሌላ ስም እናውጣለት?"

ለምን አራት?

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በኦል ዊል ድራይቭ መኪና ውስጥ የፊቶቹንና የኋላዎቹን ጎማዎች የሚያገናኝ አካል አለ። አራቱም ጎማዎች እኩል ከሆኑ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ አካል ብዙ ሥራ የለበትም። መኪናው ሲጠመዘዝ ወይም አንዱ ጎማ ሲንሸራተት የፍጥነቱን ልዩነት ያቻችላል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ካነሰ ወይም ከበለጠ ግን ልዩነቱ በቀጥታው መንገድ ላይም አይጠፋም። ትንሹ ጎማ ያንኑ ርቀት ለመሄድ ብዙ ጊዜ መዞር አለበትና።

ምን ያህል? እኔ የለመድኩት ነገርን በቁጥር ማየት ስለሆነ ወረቀት አወጣሁ። የጎማችን መጠን 225/65 አር 17 ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ ከላይ እስከ ታች ወደ 724 ሚሊሜትር ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የጎማ ጥርስ የሚለካው አንድ ኢንችን 32 ቦታ በመክፈል ነው። አዲስ ጎማ ብዙ ጊዜ 10 ይላል፤ ይህም ወደ 8 ሚሊሜትር ጥልቀት ነው። የእኛ ሦስት ጎማዎች 5 ላይ ነበሩ፤ ይህም 4 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ በዙሪያው ሁሉ ስለሚያልቅ፣ ያገለገለው ጎማ ቁመት ወደ 716 ሚሊሜትር ወርዷል ማለት ነው።

በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ምንም አይመስልም። ነገር ግን ያገለገለው ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከአዲሱ ወደ 5 ዙር የሚጠጋ ይበልጥ ይዞራል። በ100 ኪሎ ሜትር ይህ ወደ 490 ዙር ይሆናል። ይህን ልዩነት ቀን ከሌት የሚሸከሙት ዲፈረንሻሉና መሐል ያለው ማገናኛ ናቸው። እረፍት ሲያጡ ይሞቃሉ፤ ውሎ አድሮም ይበላሻሉ። የእነሱ ጥገና ደግሞ ከአራት ጎማ ዋጋ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ሱባሩ የአራቱ ጎማዎች የዙሪያ ርዝመት ልዩነት ከሩብ ኢንች እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ አዲስ ብቻ ብንገጥም ኖሮ የእኛ ልዩነት ወደ አንድ ኢንች ይደርስ ነበር፤ ከሚመከረው አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

አማቴ ወረቀቱን ዝም ብለው አዩት። ቁጥሩ ብዙም የነካቸው አልመሰለኝም። ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸው ጠየቁኝ።

"ይኼ ነገር እንደ መንታ ጎማ ነው?"

ከባድ መኪና ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ጎማ ተጣምሮ ይገጠምለታል። መንታ ጎማ የሚሉት ይህንን ነው። "መንታ ላይ አዲስና አሮጌ አይጣመርም" አሉ አማቴ። "ትልቁ ጭነቱን ለብቻው ይሸከማል። ትንሹ እየተጎተተ ይፋቃል። ሁለቱም ሳይቆዩ ያልቃሉ።"

"አዎ አባባ፣ ልክ እንደሚሉት ነው። እዚህ መኪና ላይ አራቱም እንደ መንታ ናቸው" አልኳቸው።

"እንዲያ ከሆነማ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል" አሉ። ቆጥ ከፍ ብሎ የሚሠራ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሴትዮዋ ቆጥ ላይ ያለውን ለማውረድ እጇን ስትዘረጋ በብብቷ የያዘችው ወደቀባት። ሦስት ጎማ ለማትረፍ ብሎ ዲፈረንሻል ማጣትም ከዚህ አይለይም።

አንድ ብቻ መግዛት የሚቻለው መቼ ነው?

ሁልጊዜ አራት መግዛት ግዴታ አይደለም። የቀሩት ሦስቱ ገና አዲስ ከሆኑና ልዩነቱ ከ2/32 ኢንች፣ ማለትም ከ1.6 ሚሊሜትር፣ ካልበለጠ ብዙ ጊዜ አንድ ተመሳሳይ ጎማ መግዛት ይበቃል። ትክክለኛው ገደብ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ስለሚገኝ እሱን ማየት ነው። ሌላም ዘዴ አለ። አንዳንድ ሱቆች አዲሱን ጎማ በማሽን ልጠው ከሦስቱ ጋር ያስተካክሉታል። ሦስቱ 7 ወይም 8 ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይህን እንመርጥ ነበር።

የእኛን ግን አንድ ሕግ ከለከለን። ኮሎራዶ ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል በአይ 70 የሚሄድ መኪና የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። ይህ በጎማ ሠራተኛው መለኪያ 6 ነው፤ ወደ 4.8 ሚሊሜትር። ኦል ዊል ድራይቭ መሆን ከዚህ ነጻ አያወጣም። 5 ላይ ያሉት ጎማዎቻችን ለከተማ ደህና ቢሆኑም ባለቤቴን ተራራውን ሊያሻግሯት አይችሉም። ስለዚህ አራት ለመግዛት ተስማማን።

የጎማችሁን ጥርስ ለማወቅ መለኪያ ባይኖራችሁ ሳንቲም ይበቃል። አሜሪካ ያላችሁ የ1 ሳንቲሙን ፔኒ የሊንከን ጭንቅላት ወደ ታች አድርጋችሁ በጥርሶቹ መካከል ክተቱት። ጭንቅላቱ ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው 2 ላይ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ አልቋል። በ25 ሳንቲሙ ኳርተር ከለካችሁ ደግሞ የዋሽንግተን ጭንቅላት ጫፍ 4ን ያሳያል። አውሮፓ ያላችሁ የ1 ዩሮ ሳንቲም ተጠቀሙ፤ ወርቃማው ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ነው። ልጃችን ይህን ሥራ ከእኛ ነጥቃ ሦስቱንም ጎማ ለካች።

"ረጅም ዕድሜ" ሲባል

ቀጥሎ የቀረው የትኛውን እንግዛ የሚለው ነው። እኔ ብዙ ዘመን የሚቆይ ጎማ እፈልግ ነበር። ባለቤቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ንጋት ላይ ደክሞኝ ስመለስ፣ ፍሬን ስይዝ እንዲቆምልኝ ነው የምፈልገው።"

ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ኦል ዊል ድራይቭ መኪናው በበረዶ ላይ እንዲነሣና እንዲወጣ ይረዳዋል። ለመቆም ግን አይረዳውም። ማንኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው መንገዱን የሚጨብጥበት ኃይል ነው። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ጎማ ደግሞ በብርድና በእርጥብ መንገድ ላይ ጭብጡ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች አመዛዝኖ መግዛት ያስፈልጋል።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ለዚህ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ አብዛኞቹ ጎማዎች ላይ "ትሬድዌር" የሚል ቁጥር አለ። ጎማው ቴክሳስ ውስጥ 7,200 ማይል ተነድቶ፣ አለባበሱ 100 ከተሰጠው መለኪያ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። 600 የተባለው በዚያ ፈተና ከመለኪያው ስድስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ፣ የአንድን አምራች ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር ይበልጥ ይጠቅማል። "ትራክሽን" የሚለው ደረጃ በእርጥብ መንገድ ቀጥ ብሎ መቆምን ያሳያል፤ ከፍተኛው ድርብ ኤ ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ደግሞ ጎማው የበረዶ ፈተና ማለፉን ይመሰክራል።

መጨረሻ ላይ በእጃችን ሁለት ምርጫ ቀረ። አንደኛው የ80,000 ማይል ዋስትና አለው፣ ጥርሱ በ10 ይጀምራል፣ የተራራው ምልክት የለውም። ሁለተኛው የ60,000 ማይል ዋስትና አለው፣ ጥርሱ በ11 ይጀምራል፣ የተራራው ምልክት አለው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። መጀመሪያ ሲታይ የመጀመሪያው አሸናፊ ይመስላል፤ 20,000 ማይል ይበልጣላ!

ነገር ግን ዋስትናው የሚቆጥረው ጥርሱ 2 እስኪደርስ ድረስ ነው። ለእኛ ክረምት ጎማው 6 ላይ ሲደርስ ያበቃል። የመጀመሪያው ከ10 እስከ 2 ካሉት 8 ደረጃዎች የምንጠቀመው 4ቱን፣ ማለትም ግማሹን ነው፤ በግምት 40,000 ማይል። ሁለተኛው ከ11 እስከ 2 ካሉት 9 ደረጃዎች 5ቱን እንጠቀማለን፤ ይህ ደግሞ ወደ 33,000 ማይል ነው። በወረቀት 20,000 የነበረው ልዩነት ወደ 7,000 ወረደ። ለዚያ 7,000 ማይል ብዬ ባለቤቴ የጠየቀችውን ጭብጥ የማልፍበት ምክንያት አልታየኝም። ሁለተኛውን ገዛን።

የእናንተ ስሌት ከእኛ ሊለይ ይችላል። በረዶ በማያይ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላችሁ ይሆናል። ዋናው ነገር ጎማው የእናንተን መንገድ ስንት ዓመት ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው። የአራቱን ጎማ ዋጋና የመግጠሚያውን ደምሩ፣ በእርግጥ በምትጠቀሙበት ማይል አካፍሉ። ያን ጊዜ እውነተኛው ዋጋ ይታያችኋል።

አውሮፓና ዐረብ አገር ላላችሁ

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጎማ ሲሸጥ የሚለጠፈው መለያ የነዳጅ ቁጠባን፣ በእርጥብ መንገድ መቆምንና ድምፅን ይናገራል። ዕድሜን ግን አይናገርም፤ ስለዚህ ለብቻው ጠይቁ። ጀርመን ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የክረምት ጎማ ተብሎ የሚቆጠረው የተራራው ምልክት ያለው ብቻ ነው።

በዐረብ አገሮች ጠላቱ ሙቀት ነው። ጎማ ሳይነዳም በፀሐይና በጊዜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የተሠራበትን ጊዜ እዩ። በጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻ አራት አኃዞች ይህን ይነግሯችኋል። 3523 የሚል ከሆነ በ2023 35ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ "በእኛ ጊዜ ይኼንን ማን ያነብ ነበር! እጃችንን አሳርፈን ሙቀቱን እናይ ነበር እንጂ" አሉ።

አራቱ አብረው እንዲያረጁ

ጥሩ ጎማ መግዛት የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ እንክብካቤ ነው። በየ5,000 እስከ 7,500 ማይል፣ ማለትም በየ8,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር፣ ጎማዎቹን ማዟዟር ያስፈልጋል። ለኦል ዊል ድራይቭ መኪና አንዱ የተለመደ አካሄድ የኋላዎቹን ቀጥታ ወደ ፊት ማምጣት፣ የፊቶቹን ደግሞ እያሻገሩ ወደ ኋላ መውሰድ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ የተሠሩ ጎማዎች ግን ከጎናቸው መሻገር የለባቸውም። የማዟዟሪያውን ደረሰኝ አትጣሉ፤ የማይል ዋስትና ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

አየሩን በወር አንድ ጊዜ ለኩ። ልኩ የተጻፈው በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ነው። ብርዱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የጎማው አየር በ1 ፒ ኤስ አይ ያህል ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መብራት ብቻ አትጠብቁ፤ በአሜሪካ መብራቱ እንዲበራ የሚገደደው አየሩ ከልኩ በ25 በመቶ ሲጎድል ነው። እስከዚያ ድረስ ጎማው በጠርዙ እየተበላ ሊቆይ ይችላል። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ደግሞ ዊል አላይመንት አሠሩ።

ሦስቱ አሮጌ ጎማዎች እንዳይጣሉ አማቴ ተሟገቱ፤ አሸነፉም። ሁለቱን ተመሳሳይ የጎማ መጠን ያለው፣ በፊት ጎማዎቹ ብቻ የሚጎተት ሆንዳ ሲ አር ቪ ላለው ጓደኛዬ ሰጠነው። ከከተማ ስለማይወጣና ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ለእሱ ደህና ናቸው። ሦስተኛውን አማቴ በገመድ አስረው ጓሮ ካለው ዛፍ ላይ ለልጃችን ዥዋዥዌ አደረጉላት።

አማቴ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለሱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። አዲሶቹ ጎማዎች አንድ ክረምት አሳልፈው አሁን አራቱም 10 ላይ ናቸው። የምትለካቸው ልጃችን ናት። ቁጥሩን በአማርኛ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። እሑድ እሑድ አያቷ ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቋት "ጎማው ስንት ደረሰ?" ብለው ነው።